ካንተን ከሄዳችሁ አለን ፔጅን ሳታዩ እንዳትመለሱ

ልጄ ዘንድሮ በትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ውስጥ መከላከል ላይ ይጫወታል። ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ ያለውን የፕሮ ፉትቦል ሆል ኦፍ ፌም (የዚህ ጨዋታ ታላላቆች የሚከበሩበትን ሙዚየም) አሳየኝ እያለ ሲወተውተኝ ከርሞ ባለፈው ቅዳሜ ወሰድኩት። እኔ የጨዋታው ሕግ ዛሬም በቅጡ አይገባኝም። አገር ቤት ሕግ ተምሬ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ስለሠራሁ፣ እኔን እዚያ ድረስ የሳቡኝ አንድ ዳኛ ናቸው።

ቦታው ከአይ-77 አውራ ጎዳና ብዙ አይርቅም፤ ኳስ የሚመስለው ሹል ጣሪያው ከሩቅ ይታያል። ልጄ የሱፐር ቦውል (የዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ) አሸናፊዎች ቀለበቶች ጋ ሲደርስ ከመስታወቱ አልላቀቅ አለ፤ ለሱ ብቻ ጊዜ ያዙ።

ለእኔ ግን ቤቱ ማለት የነሐስ ሐውልቶቹ ክፍል ነው። ከአንገት በላይ የተቀረጹ ፊቶች በገቡበት ዓመት ተራ ተደርድረዋል፤ ሰዉ ሳያስበው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የ1988ቱ (እ.ኤ.አ.) መደርደሪያ ጋ ቆምኩ።

«አባዬ፣ እኚህ ማን ናቸው?»

«አለን ፔጅ። ዳኛ ነበሩ።»

«የጨዋታ ዳኛ?»

«የጠቅላይ ፍርድ ቤት!»

እዚያው ቆመን ነገርኩት። ፔጅ የተወለዱት በዚችው ከተማ፣ በ1945 ነው። ለሚኒሶታ ቫይኪንግስ ቡድን ሲጫወቱ በ1971 የሊጉ ኮከብ ተባሉ፤ ያን የዜና ወኪሉን የአሶሺዬትድ ፕሬስን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ተከላካይ ናቸው። መጀመሪያ የገቡበትን የሕግ ትምህርት ቤት በሦስት ሳምንት ጥለው ወጥተዋል። ኋላ ግን እየተጫወቱ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1978 ተመረቁ። ቅዳሜ ምሽት ልምምድ ደክሞት ደብተር ለማይገልጥ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ልንገረው?

ከተመረቁ በኋላ ጠበቃ ሆኑ፤ ቀጥሎ በግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሠሩ። ሚኒሶታ ውስጥ ዳኛ የሚመረጠው በሕዝብ ድምፅ ነው። በ1992 ለግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመወዳደር ሲነሡ አገረ ገዢው የአንድን ነባር ዳኛ የሥራ ዘመን አራዘሙና ምርጫው ሊቀር ሆነ። ፔጅ ከሰሱ፤ ረቱ። ምርጫውም ተካሄደ፣ አሸነፉ፤ በዚያ ችሎት የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኑ። እኔ በሙያዬ የማደንቀው ይህን ነው፤ ወንበሩን ከማግኘታቸው በፊት ሕዝቡ የመምረጥ መብቱን እንዳያጣ መከራከራቸውን። ሕጉ ጡረታ እስካስወጣቸው እስከ 70 ዓመታቸው፣ እስከ 2015 ድረስ ፈረዱ።

ሐውልቱ ሥር ይህ ሁሉ አይገኝም፤ ስም ነው የምታነቡት። ስለዚህ ልጆቻችሁን የምትወስዱ ወላጆች፣ ታሪካቸውን ቤት አንብባችሁ ሂዱ። ነጭ ላልሆኑ ተማሪዎች የትምህርት ድጎማ ለመስጠት ፋውንዴሽን በዚያው በ1988 መመሥረታቸውንም ንገሯቸው። ቢያንስ ግማሽ ቀን መድቡ፤ ምቹ ጫማ አድርጉ። ከእኔ አምስት ኮከብ አለው።

መጨረሻ ላይ ያቆየሁለትን ነገርኩት፦ ሕንፃው በ1963 ከመከፈቱ በፊት ሲገነባ ፔጅ ገና ተማሪ ሳሉ የቀን ሥራ ሠርተውበታል። ልጄ ወደ መውጫው መሄዱን ትቶ «የድሮው ክፍል የቱ ነው?» አለኝ። ጣሪያው ሥር ወዳለው ክብ አዳራሽ ተመለስን።