ጅማ ውስጥ ታማኝ ባትላሜራ ለምትፈልጉ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ጤና ይስጥልኝ የጅማ ልጆች፣ ጅማ የምትኖሩ እንግዶችም።

ይህን የምጽፈው አንድ ባትላሜራ (የተጋጨ መኪና ላሜራ የሚያቃና ባለሙያ) ለማመስገን፣ መኪናው ለተጋጨበት ሁሉም እሱን ለመጠቆም ነው። ምስጋናው የእኔ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የሚያስተምር ከህንድ የመጣ ባልደረባዬም አለበት። አማርኛ መናገር ጀምሯል፣ መጻፍ ግን ገና ስለሆነ «የእኔንም ጨምረሽ ጻፊልኝ» ብሎኛል። ባለሙያው ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ ዝም ብዬ ጋሼ እለዋለሁ።

ባልደረባዬ አንድ ያገለገለች ቪትዝ አለችው። አገሩ የሚነዳው በግራ ነው፤ እኛ ደግሞ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ እንነዳለን። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ችግር የለበትም፣ መታጠፊያ ላይ ግን እጅ የለመደውን ያደርጋል። በሐምሌ ዝናብ ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ወደ ከተማ ሲመጣ ወደ ግራ ታጠፈና በግራው ጠርዝ ገባ። ከፊት የሚመጣ ባጃጅ ጋር ተጋጩ። ሁለቱም ቀስ ብለው ስለነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። የባጃጁ ፊት ተጣመመ፤ የቪትዟ ፓራውልት (የፊት መከላከያዋ) ተሰነጠቀ፣ አንዱ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ወደ ውስጥ ገባ፣ የፊት መብራቷም ከቦታው ወለቀ።

በሰው አገር መኪና መጋጨት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሕጉን አያውቅም፣ ቋንቋውን በቅጡ አያውቅም፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ በእሱ ላይ የሚፈርድ ይመስለዋል። ስደርስ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ያስሩኛል ወይ?» ብሎ ነው።

ጋሼን የማውቀው ከዚህ በፊት የወንድሜን መኪና ስለሠራ ነው። ስደውልለት ስለ ዋጋ አንድ ቃል አላነሳም። «የተጎዳ ሰው አለ?» አለኝ። የለም ስለው፦ «እንግዲያው ትራፊክ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) ሳያነሳ መኪኖቹን እንዳታንቀሳቅሱ። ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። መምህሩ ደንግጦ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ወረቀት ላይ እንዳይፈርም፣ ገንዘብም አውጥቶ እንዳይሰጥ። ኢንሹራንሱ ሳያውቅ የሚደረግ ስምምነት በኋላ ጣጣ ያመጣል።» ይህን ብሎ ዘጋ። ማንም ና ሳይለው ዝናቡን እየተደበደበ በሞተር መጣ።

ለትራፊክ ፖሊሷም ምስጋናዬ ይድረሳት። ሳትቆጣ፣ ሳታመናጭቅ ለካች፣ ጻፈች፣ ሁለቱንም እኩል ሰማች። ባልደረባዬ የአገሩን መንጃ ፈቃድ ወደ እኛው ቀይሮ ስለነበር በዚያ በኩል ያነጋገረ ነገር አልነበረም።

ያን ቀን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የባጃጁ ልጅ ነው። ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል። ባጃጁ በቆመ ቁጥር እሱም የሚበላው የለም። ፊቱ ጠቁሮ በኦሮምኛ እየተናገረ ሳለ ጋሼ ትከሻውን ይዞ «ረኮን ሂንጅሩ» (ችግር የለም) አለውና ወደ ጥግ ወሰደው። ከዚያ ልጁ ያለውን ጋሼ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ ለባልደረባዬ እነግረዋለሁ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ልጁ የፈራው ፈረንጁ ኤምባሲ ደውሎ ያሳስረኛል ብሎ ነው። ባልደረባዬ ደግሞ የፈራው ባጃጆቹ ተሰብስበው እንዳይደበድቡት ነው። ሁለቱም ይህን ሲሰሙ ተያዩና እጅ ለእጅ ተጨባበጡ።

የኢንሹራንሱንም ነገር ቁጭ አድርጎ ያስረዳን ጋሼ ነው። እንግዶች ብዙ ጊዜ ስለሚምታታባቸው ልድገመው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን፣ መስታወት ላይ ስቲከሩ የሚለጠፈው ማለት ነው፣ የሚሸፍነው በሌላው ሰውና በሌላው ንብረት ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት ነው። የራሳችሁን መኪና አያሠራም። ለዚያ ሙሉ ኢንሹራንስ መግባት ያስፈልጋል። ባልደረባዬ ሁለቱም ስለነበረው ባጃጁም ቪትዟም ተሸፈኑ፤ የመጀመሪያዋን ድርሻ ግን በውሉ መሠረት ከኪሱ ከፍሏል።

አሁን ወደ ፕሮፎርማው (የዋጋ ማቅረቢያው) ልምጣ፤ ይህን ሰው እንድጠቁም ያስወሰነኝ እሱ ነው። ከተለያዩ ጋራዦች ዋጋ አምጡ ስለተባልን ዞርን። አንድ ቦታ ባለመኪናው ፈረንጅ መሆኑን ሲያዩ ፓራውልቱም፣ ፓራፋንጎውም፣ መብራቱም፣ ኮፈኑ ሳይቀር አዲስ ይገዛ ብለው ጻፉ። ኮፈኑ አንድ ጭረት የለበትም። ጋሼ ግን ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ የእጅ ዋጋውን ለብቻ፣ የዕቃውን ለብቻ ጻፈ። ምን እንደሚቀየርና ምን እንደሚጠገን፣ ለምን እንደሆነም አንድ በአንድ ነገረን። የኋላው በር ላይ የቆየ ዝገት ነበረ። አብሮን የነበረ ሰው «እሱንም አስገባው፣ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ነው» ሲለው፣ ጋሼ ቀና እንኳ ሳይል «ያ የአደጋው አይደለም፣ አልጽፈውም» አለ። ባልደረባዬ ምን እንደተባለ ጠይቆኝ ስተረጉምለት ቆሞ ጨበጠው። በሩን ቆይቶ በራሱ ገንዘብ አሠራው።

የኢንሹራንሱ ገማች መጥቶ ካየ በኋላ ጋሼ አንድ ነገር ፈቃድ ጠየቀ። «መምህር፣ የአንተ መኪና ትቆይና ባጃጁን ላስቀድም? አንተ ደመወዝ አለህ፣ ልጁ ግን የዕለት ነው።» የሚከፍል ደንበኛ አቁሞ እንዲህ የሚል ሰው ስንት አለ?

ሥራውንም ቆሜ አይቻለሁ። የገባውን ፓራፋንጎ ከውስጥ በትንንሽ ምት ያወጣዋል፣ ዓይኑን ሳይሆን መዳፉን ያምናል፤ በመዳፉ እየዳበሰ ከፍ ዝቅ ያለውን ይለያል። ስቱኮ (ጎድጎድ ያለውን የሚሞላውን ቅብ) የሚቀባው በጣም ስስ አድርጎ ነው። ወፍራም ስቱኮ ዛሬ ያምራል፣ ነገ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል፤ በጅማ ዝናብ ደግሞ ከሥር መዛግ ይጀምራል ይላል። ስለዚህ ላሜራው ራቁቱን ሳያድር አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ይቀባዋል። የመብራቱ ማሰሪያ ጆሮ ብቻ ስለተሰበረ በሙቀት አጣብቆ መልሶ ገጠመው፤ ኦርጅናሉ ተጠግኖም ቢሆን ከአዲሱ ማስመሰያ ይሻላል አለን። ቀለሙን የመኪናዋ ስም ሰሌዳ ላይ ካለው ኮድ ተነስቶ አስበጠበጠ፣ ፀሐይ ያደበዘዘውን ለማግኘት ግን ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ እየቀባ አስጠግቶ አየ። አልመስል ሲለው እንደገና አስበጠበጠ፣ ለዚህም አላስከፈለም። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች በማዳበሪያ ሰብስቦ ለኢንሹራንሱ አስረከበ።

እውነቱን ለመናገር ፈጣን አይደለም። ሥራ ስለሚበዛበት ካለው ቀን አሳልፏል፣ ቀለሙም ጊዜ ወስዷል። ነገር ግን ሊዘገይ ሲል ራሱ ደውሎ ይናገራል፤ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና እያለ አያመላልስም። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ጋሼ፣ ባልደረባዬም እኔም ከልብ እናመሰግንሃለን። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ጋራዡ መርካቶ አካባቢ ነው። አርብ ለጁምዓ ስለሚዘጋ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። በኢንሹራንስ የምታሠሩ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ የሊብሬውንና የመንጃ ፈቃዱን ኮፒ ያዙ፤ ገማች ሳያየው አንድ ብሎን አይፈታላችሁም።