ቧንቧ ውሃ አካባቢ ለሚገኙት መካኒክ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል መኪና የምታሽከረክሩ ሁሉ ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ አነስተኛ ጋራዥ ያላቸው አንድ መካኒክ ለእኔና ለእናቴ የዋሉልንን ውለታ ሳልመሰክር ዝም ማለት አልቻልኩም።

የምነዳት የቆየች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ኮምቦልቻ የምትኖረውን እናቴን ለሕክምና ክትትል ወደ ደሴ የማመላልሰው በእሷ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስሄድ ከፊት በቀኝ በኩል ቋ ቋ የሚል ድምፅ ታሰማ ጀመር። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ሳይነዷት የፊት ሾክ አብዞርበሮቹ አልቀዋል ብለው ሁለቱንም አስቀየሩኝ፤ ከፍዬ ከግቢው እንደወጣሁ ግን ድምፁ እዚያው ነበር። ተመልሼ ብነግራቸው «የመኪናዋ ዕድሜ ነው፣ ትለምጅዋለሽ» አሉኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ መሪው በሙሉ ይቀየር ተባልኩ፤ ዋጋው የወራት ደመወዜን የሚውጥ ነበር። ከገንዘቡም ይልቅ ያንገበገበኝ፣ ድምፁ መቼ መቼ እንደሚሰማ ማስረዳት ስጀምር ማንም ጆሮ አለመስጠቱ ነው።

እኒህ ሰው ግን ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ቀጥ ባለ መንገድ ነው ወይስ ስታዞሪ፣ ፍሬን ስትይዥስ ይብሳል ወይ እያሉ ጠየቁኝ። ከዚያም አጠገቤ ተቀምጠው፣ መስኮቱን አውርደው፣ ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ ብዬ እንድነዳ አደረጉኝ። ስንመለስ በክሪክ አስነስተው፣ በረጅም ብረት እዚህም እዚያም እየገፉ ሲፈትሹ ቆዩና «ነይ ልጄ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊ» አሉኝ። ረዳታቸው ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቀው ያ ስንት ጊዜ ያስጨነቀኝ ኳኳታ መዳፌ ላይ ተሰማኝ። ያስረዱኝን ሁሉ ተረድቻለሁ አልልም፤ የገባኝ ጎማውን ከታች የሚይዘው ኳስ መሳይ መገጣጠሚያ እጅግ መላላቱና ከወለቀም ጎማው በጉዞ ላይ ሊታጠፍ መቻሉ ነው። መሪውም ምንም እንዳልሆነ ነገሩኝ።

በዚያን ዕለት ከሰዓት እናቴን ይዤ ልወርድ ነበር። «በዚህ ሁኔታ ሐረጎን አትወርጂም» አሉኝ ቁርጥ አድርገው። ከደሴ በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ የሚያወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ጠመዝማዛ መሆኑን የምትነዱበት ታውቁታላችሁ። ዕቃው እስኪገኝ መኪናዋን አስቀርተው፣ ሥራቸውን ለረዳታቸው ትተው፣ እናቴን በራሳቸው መኪና ኮምቦልቻ ደጇ ድረስ አደረሷት፤ የነዳጅ እንኳ ብሰጣቸው እምቢ አሉ። እናቴ እስካሁን ዱዓ ታደርግላቸዋለች።

የጠየቁኝም መገጣጠሚያው የተገዛበትንና ተመጣጣኝ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፤ አሮጌውንም ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። መኪናዋ ዛሬ ሐረጎን ስትወርድ ከሞተሩ በስተቀር አንዳች ድምፅ የላትም። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ከፊት የሚያንኳኳ መኪና ያላችሁ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት እባካችሁ እሳቸው ዘንድ ሂዱ። ስማቸውን እዚህ ማውጣት ስላልወደዱ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። ሰው ስለሚበዛባቸው በጠዋት ሂዱ፤ ድምፁ የሚሰማው የትና መቼ እንደሆነም አስተውላችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።