ናፍጣ ሞተር ለገባለት አሮጌ ላንድክሩዘር የትኛው ካምቢዮ፣ የትኛው ፍሪሲዮን?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። ጥያቄው አንድ ነው። «የቤንዚን ሞተሩን አውጥቼ ናፍጣ ላስገባበት ነው። ካምቢዮውን ልተወው ወይስ ልቀይረው? ፍሪሲዮኑስ?» ለአራተኛው ሳስረዳ ሻዬ ቀዘቀዘ። ለአምስተኛው ይሄን ጽሑፍ እልክለታለሁ።

ጠያቂው ለምን እንደበዛ ይገባኛል። በ2016 በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ጓሮ ቆሞ ዶሮ ሲተኛበት የነበረ ላንድክሩዘር ሁሉ ዋጋ አወጣ። የድሮው ባለ 4.2 ሊትር ቤንዚን ሞተር ደግሞ ጠጪ ነው። ስለዚህ ሰው ናፍጣ ያስገባል። አብዛኛው የሚመርጠው 1 ኤችዜድ የሚባለውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው። እሱም 4.2 ሊትር ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ የማያውቀው መካኒክ የለም። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። ጠቡ የሚጀምረው ከሞተሩ ጀርባ ነው።

የኔዋ ኤፍጄ 40 ናት፣ የድሮዋ ላንድክሩዘር። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሞተሩን የገዛሁት ከተገለበጠ ባለ 75 ላንድክሩዘር ፒካፕ ላይ ነው። ሻጩ «ካምቢዮውንም ከነትራንስፈሩ ውሰደው፣ 110 ሺህ ጨምርልኝ» አለኝ። ትራንስፈር ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ነው። እኔ ምን አልኩ? «ካምቢዮ አለኝ።» ይቺን ቃል እስከ ዛሬ እየከፈልኩባት ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ያንኑ ዓይነት ካምቢዮ በ165 ሺህ ገዛሁ።

አለኝ ያልኩት ኤች 42 የሚባለውን ባለ አራት ማርሽ ነው። ክፉ ካምቢዮ አይደለም። ጠንካራ ነው፣ እንደ ዕድሜው አይጮህም፣ ያገለገለው ሲሸጥም ርካሽ ነው። ችግሩ አንደኛው ማርሽ ነው። 3.55 ብቻ ነው፤ መውጫ ዘንጉ አንዴ እስኪዞር መግቢያው 3.55 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ከፒካፑ ጋር የነበረው ዓይነት፣ ኤች 55 ኤፍ የሚባለው ላይ ግን አንደኛው 4.84 ነው፣ አምስተኛም አለው። ሞተሩ ያው ሆኖ፣ ሲነሳ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል ማለት ነው።

«ምን አለበት፣ ላንድክሩዘር አይደል፣ ይነሳል» የሚል አለ። ይነሳል። ግን እኛ ያለነው የት ነው? ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ያጣል። 1 ኤችዜድ ሲፈበረክ የነበረው የመጠምዘዝ ጉልበት 285 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። እዚህ 220 ቢደርስ ነው። ታዲያ ሹፌሩ ምን ያደርጋል? ነዳጅ ይረግጣል፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ያንሸራትታል። ነሐሴ ላይ ዋልካው ውስጥ እንዲህ አምስት ጊዜ ብትነሱ ሽታው እስከ ጎረቤት ይሄዳል። ፍሪሲዮኑን የሚበላው የሞተሩ ጉልበት አይደለም፤ የአንደኛ ማርሹ ርዝመት፣ ማለትም የቁጥሩ ማነስ ነው። አቋሜ ይሄ ነው። ገንዘባችሁን ካምቢዮው ላይ አውሉ፣ ፍሪሲዮኑ ተራ ኦሪጅናል ይሁን።

አምስተኛ ማርሹንም አልንቀውም። ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ በ100 ስሄድ፣ በአራተኛ ወደ 2,850 ዙር ነበር። በአምስተኛ ከ2,400 ብዙም አያልፍም። ሚስቴ «አሁን መነጋገር ይቻላል» ብላለች። እሷ ይሄን እንደ ጥቅም ቆጥራዋለች፣ እኔ እያሰብኩበት ነው።

ኤች 41 የሚባልም አለ። አራት ማርሽ ነው፣ አንደኛው ግን 4.93 ገደማ። ድሮ ናፍጣ ሆነው የመጡት ላይ ታገኙታላችሁ። ከተማ የማትወጡ፣ ሥራችሁ እርሻና ድንጋይ ከሆነ፣ በርካሽም ካገኛችሁት፣ ውሰዱት፣ አልቃወምም። ችግሩ መገኘቱ ነው። ሦስት ጊዜ «ኤች 41 ነው» ተብዬ ሄጄ ሦስቱም ኤች 42 ሆነው አገኘኋቸው። ደላላ ሲባል እንዲህ ነው። የምትለዩበት ቀላል መንገድ አለ። አንደኛ አስገቡና መግቢያ ዘንጉን በእጅ አዙሩ። መውጫው አንድ ዙር እስኪሞላ መግቢያው ሦስት ተኩል ከዞረ ኤች 42 ነው። አምስት ሊሞላ ከተቃረበ ኤች 41 ነው።

የሃይሉክስ ካምቢዮ ላስገባ የሚሉኝ አሉ። ርካሽ ስለሆነ ነው። አታድርጉት። ለአነስተኛ ሞተር የተሠራ ነው። የላንድክሩዘሩ የኋላ ዲፈረንሻል ደግሞ ከመሃል ወደ ቀኝ ያደላል፣ ስለዚህ ፕሮፔለር ሻፍቱ ጠምዞ ይሄዳል፣ ክሮቼራ (የሻፍቱን መጋጠሚያ) ይበላል። ከዚህ በላይ ቃል አላጠፋበትም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት።

ኤች 42ን ከ1 ኤችዜድ ጋር ለማገናኘት አንድ ቶርኖ ቤት አዳፕተር አሠራሁ። 18 ሺህ። ፍሪሲዮን ከነፕሬዠር ፕሌቱና ኩሽኔታው 9,500። ለመካኒክ 7,000። ድምር 34,500። በደስታ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለኤች 55 ኤፍ 165 ሺህ የሚከፍለውን ሰው በሆዴ ሳቅሁበት።

ፍሪሲዮኑ የታዋቂ ብራንድ ካርቶን ውስጥ ነበር። ሱቁ ሶማሌ ተራ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ሰውየው ራሱ ተታሎ ሊሆን ይችላል። «ወንድሜ፣ እኔ ኮፒ አልይዝም» ብሎ ምሎልኛል። 1,900 ኪሎ ሜትር ሄደች። ከዚያ ከጫንጮ ስመለስ አቀበቱ ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን ቆመች። አስጎትቼ አመጣኋት፣ 9,000።

ካምቢዮው ሲወርድ ቆሜ ነበር። መካኒኩ ፕሬዠር ፕሌቱን ሲፈታ ፈሮዶው (የሚይዘው ልባስ) ከዲስኩ ተላቆ እንደ ደረቀ ቂጣ መሬት ላይ ተበተነ። ዲስኩ መሃል ካሉት ስድስት ስፕሪንጎች ሁለቱ የሉም። አንዱን ከካምቢዮው ቤት ስር አወጣው፣ አንዱን እስከ ዛሬ አላገኘነውም። ከዚያ ባለ ሰዓት መለኪያውን ቮላኖው ላይ (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት የሞተሩ ከባድ ጎማ ላይ) አሰረና ሞተሩን በእጅ አዞረው። መርፌዋ ተንቀሳቀሰች። አዳፕተሩ ከመሃል 0.6 ሚሊሜትር ወጥቷል። «አንተ ልጅ፣ ይሄ በሚሊሜትር አንድ አስረኛ የሚለካ ሥራ ነው። ኦሪጅናልም ብትገዛ ይሄ ይገድልሃል» አለኝ። እውነት ነው። የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጋር ልክ ካልገጠመ ዲስኩ ሲዞር ይታመሳል። ስፕሪንጉን ያስተፋል፣ የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታም ይበላል። የኔንም በልቶታል፣ 4,800። እንደገና ማውረድና መስቀል 7,000። ቮላኖውን ማስላግ 3,500። ሌላ ፍሪሲዮን 11 ሺህ። ከመጎተቻው ጋር 35,300 ሆነ። ከመጀመሪያው ጋር ሲደመር 69,800፣ መኪናዋም ያው ባለ 3.55 መኪና ናት።

ሁለተኛውም ፍሪሲዮን ኮፒ ነበር። ይሄን አሁን ነው የምናገረው።

ኤች 55 ኤፍ ስገዛ ያወጣሁትን ልቁጠርላችሁ። ካምቢዮው ከነትራንስፈሩ፣ ከነፍሪሲዮን ቤቱና ከነቮላኖው 165 ሺህ። ኦሪጅናል ፍሪሲዮን፣ የጃፓን፣ ሙሉው 38 ሺህ። ከኤች 42 ስለሚረዝም የፊቱን ፕሮፔለር ሻፍት ማስረዘም፣ የኋላውን ማሳጠርና ሁለቱን ባላንስ ማስደረግ 14 ሺህ። ካምቢዮውን የሚሸከመውን ብረት ወደ ኋላ ወስዶ ማስበየድ 8,000። የእጅ ዋጋ 12 ሺህ። 237 ሺህ። ኤች 42ን በ45 ሺህ ሸጥኩ፣ 192 ሺህ ላይ ቆመ። ብዙ ነው፣ አልዋሽም። ግን አዳፕተር የለም። ሁሉም ፋብሪካው እንደሠራው ቡሎን ለቡሎን ገጠመ። ያኔ በ110 ሺህ ብወስደው ኖሮ ስንት እንደሚሆን እናንተ አስሉት፣ እኔ ደክሞኛል።

የፍሪሲዮኑን ብቻ ነጥሎ ማየት ይቻላል። ኮፒው 9,500 ብር፣ 1,900 ኪሎ ሜትር። በኪሎ ሜትር 5 ብር። ኦሪጅናሉ 38 ሺህ ብር፣ እስካሁን 31 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ገና ፔዳሉ ከታች ነው የሚይዘው፣ አላለቀም ማለት ነው። በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ23 ሳንቲም፣ ያውም በየቀኑ እየቀነሰ። የማውረጃና የመስቀያውን አልጨመርኩም። ፍሪሲዮን ውድ የሚሆነው በዕቃው ሳይሆን ካምቢዮ በማውረዱ ነው።

ኦሪጅናል መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ካርቶኑን አትመኑ። ካርቶን ይታተማል። እኔ የማደርገው ይሄ ነው። የድሮ መግቢያ ዘንግ አስቆርጬ ጥርሱ ያለበትን ጫፍ በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ። ዲስኩን ሱቁ ውስጥ እሰካዋለሁ። መንሸራተት አለበት፣ ግን ግራ ቀኝ መንገጫገጭ የለበትም። ኮፒዎቹ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃሉ። እግረ መንገዱንም የጥርሱ ቁጥር ይታያል። የድሮዎቹ 10፣ ኤች 55 ኤፍ 21 ነው። በዚህ ብቻ ዕቃ ሊመልስ ሶማሌ ተራ ሁለቴ የተመላለሰ ሰው አውቃለሁ። ከዚያ ስፕሪንጎቹን በአውራ ጣት ግፉ፣ አንዱም መሽከርከር የለበትም። የሪቬቶቹን ጥልቀት በጥፍር ዳሱ፣ ፈሮዶው ወፍራም መስሎ ሪቬቱ ከላይ ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው። የመጨረሻው ሚዛን ነው። ፕሬዠር ፕሌቱን ከአሮጌው ኦሪጅናል ጋር አስመዝኑ። የኔ ኮፒ በግልጽ ይቀል ነበር። ባለሱቁ «ምን ሥጋ ቤት አደረግኸው» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ገንዘብ ካጠረ ከኮፒ ይልቅ የራሳችሁን አሮጌ ኦሪጅናል ዲስክ ፈሮዶ አስለብሱ። ስፕሪንጉ ካልላላ፣ ሳህኑ ካልጠመመ። እኔ አንዴ በ4,500 አስለብሼ ስምንት ወር ነድቼበታለሁ። ሲነሳ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይበተንም።

ሴራሚክ ጠንካራ ፍሪሲዮን ከውጭ ላስመጣ የምትሉ ደግሞ፣ አንድ ወዳጄ በሻንጣ አስመጥቶ በዶላር ከፍሎበታል። ጭቃ ውስጥ ቀስ ብሎ መንሸራተት የሚባል ነገር አያውቅም። ወይ ይዟል፣ ወይ ለቋል። በሦስት ወር ሁለት ክሮቼራ ሰበረ። አዲሱ ገበያ መጨናነቅ ውስጥ የግራ ጉልበቱን ሲያሽ ታገኙታላችሁ። 220 ኒውተን ሜትር ለመያዝ ይሄ አያስፈልግም።

ያገለገለ ኤች 55 ኤፍ ስትገዙ ዘይቱን አስፈስሱ። ቢጫ ብናኝ ካለ አትደንግጡ፣ የሲንክሮ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ቀለበት) ነው። የጥፍር ቁራጭ የሚያክል ብረት ከወጣ ግን ተነሱና ሂዱ። በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚይዘው ጎማ) ሲያልቅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለዚህ የሁለቱንም ልክ አብራችሁ እዩ፣ አንዱ ሞልቶ ሌላው ከጎደለ ዋጋ ማስቀነሻ አገኛችሁ። እኔ በዚህ ብቻ 10 ሺህ አስቀንሻለሁ። ካምቢዮው ወርዶ ሳለም የሞተሩን የኋላ ፓራኦሊዮ ቀይሩ። ዘይት የነካው አዲስ ፍሪሲዮን ከኮፒ አይሻልም።

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩን ማስቀየር አትርሱ፣ ቦሎ ስታወጡ ጣጣ ነው።

ያቺ የተቆረጠች ዘንግ፣ ባለ 21ዷ፣ አሁን አያት ያለ ጓደኛዬ ጋ ናት። «ለቅዳሜ ብቻ» ብሎ ከወሰዳት አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ይሄን ካነበብክ አምጣት፣ የሆለታው ሰውዬ ከትናንት ጀምሮ እየደወለ ነው።