እናቴን ከጅብ ጋር ላስታረቀልኝ ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። ምስጋና መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። አገልግሎት ሲከፋኝ ለማማረር ግን የሚቀድመኝ የለም፣ ስለዚህ ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

ባለፈው ወር እናቴን ይዤ ኬንያ፣ ማሳይ ማራ ደርሼ ተመለስኩ። የቀኑን አንበሳና ቀጭኔ ሁሉም ሰው ይጽፈዋል፣ እኔ የምጽፈው ስለ ሌሊቱ ነው። የማመሰግነውም ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ አስጎብኚያችን፣ ሌላው ድንኳናችንን ሲጠብቁ ያደሩት ሽማግሌ። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፤ አስጎብኚው ራሱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ለምኖኛል። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን ስልኩን እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ፣ እኔ ሳላውቀው ገንዘቤን በልቶኛልና። በማሳይ ማራ ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ሌሊት በመኪና መዞር ክልክል ነው። አመሻሹ ላይ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። ሌሊት መውጣት የሚቻለው ጥብቅ ሥፍራውን ተጎራብተው ባሉት ኮንሰርቫንሲ በሚባሉት መሬቶች ነው። እነዚህ ማሳይ የሚባሉት የአካባቢው ከብት አርቢዎች የየራሳቸው መሬት ናቸው። ባለመሬቶቹ ተሰባስበው ለካምፖቹ ያከራዩታል፣ ኪራይ ያገኙበታል፣ ከብቶቻቸውንም በተራ ያግጡበታል። እኛ ያረፍነው ማራ ኖርዝ በሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ወደ 30,000 ሄክታር ይጠጋል።

ከጥቂት ዓመት በፊት ብቻዬን ስሄድ አንድ ደላላ እዚያው ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ "የሌሊት ሳፋሪ" ሸጦልኝ ነበር። ማታ ላይ "ተከልክሏል" አለኝ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ቦታ ከሌላ ሹፌር ጋር ላከኝ፣ እሱ ደግሞ ፓውዛውን እንደ ሠርግ ቤት መብራት ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ እያበራ፣ እየነዳ፣ እየጮኸ አንዲት ነብር ዓይን ውስጥ አብርቶ ቆመ። አንገቷን አዙራ ሄደች። እኔም ያኔ "አየሁ" ብዬ ተመለስኩ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ለሰው ሁሉ ስለ ሌሊት ሳፋሪ አዋቂ ሆኜ ሳወራ ነው የከረምኩት።

አሁን ወደ እናቴ። እናቴ ገጠር ነው ያደገችው። ሌሊት ለእሷ ከብት ማስገባት፣ ውሻ መፍታትና በር መቀርቀር ነው። ሌሊት ጫካ ለጫካ እንዞራለን ስላት "ጅብ ለማየት ገንዘብ የሚከፍል ሰው ዛሬ አየሁ! እኛ ቤት በነጻ ነበር የሚመጣው" አለችኝ። እውነቷን ነው። የሆነ ሆኖ መጣች።

ካምፑ አጥር የለውም። የካምፑ ኃላፊ ሲቀበለን "ከጨለመ በኋላ ብቻችሁን ከድንኳን እንዳትወጡ፣ አስካሪ እንልክላችኋለን" አለ። እናቴ ከንግግሩ መሃል አንዲቷን ቃል ለቀም አድርጋ "አስካሪ? እኔ መጠጥ አልጠጣም በልልኝ!" አለች። አስካሪ በስዋሂሊ ጥበቃ ማለት ነው። ማታ የመጡልን "አስካሪ" ቀይ ብርድ ልብስ እንደ ጋቢ የተከናነቡ፣ ጦርና ባትሪ የያዙ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና "ጠመንጃቸውስ?" አለች። አስጎብኚው ሳቀ። ኬንያ ውስጥ አደን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ክልክል መሆኑን ነገራትና "እኚህ ሰው እንስሳውን ቀድመው ይሰሙታል፣ ይበቃል" አላት።

አስጎብኚው ከእናቴ ጋር የተወዳጀው በሰዓት ነው ብል ታምኑኛላችሁ? ለፈረንጆቹ "በሰባት ሰዓት እንነሳለን" ካለ በኋላ ወደ ሽማግሌው ዞሮ "ሳ ሞጃ" አላቸው። አንድ ሰዓት ማለት ነው። የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛ ከንጋትና ከምሽት ነው የሚነሳው። ይህን ስተረጉምላት እናቴ ፊቷ በራ፤ "እንዲህ ከሆነማ ዘመድ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ "ልጄ" እያለች ትጠራው ጀመር፣ እሱም "ማማ" ይላታል።

ሲመሽ ይበርዳል። ማራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፣ መኪናው ደግሞ ጎኑ ክፍት ላንድክሩዘር ነው። ከባድ ጃኬት ያዙ፣ አደራ። እኔ በሹራብ ሄጄ ግማሹን መንገድ የእናቴን ብርድ ልብስ ስጎትት ነበር።

ከመነሳታችን በፊት ሞተር ሳያስነሳ ሕጉን ነገረን። መነሳት የለም፣ መጮህ የለም። ፓውዛው ቀይ ሽፋን አለው፣ እሱንም የሚይዘው ከፊት የተቀመጠው ረዳቱ ብቻ ነው። ሜዳ አህያና ቀጭኔ ላይ አይበራም። እነዚህ የቀን እንስሳት ናቸው፣ ብርሃኑ ለጊዜው ያሳውራቸዋል፣ ያን ጊዜ አንበሳ በአቅራቢያ ካለ የሞት ፍርድ ፈረድንባቸው ማለት ነው። ዝሆን ላይም አይበራም። ያን የድሮ ሹፌሬን አስቤ አፈርኩ።

ከዚያ ዓይን ማንበብ አስተማረን። የብዙ ሌሊት እንስሳት ዓይን ከበስተኋላው እንደ መስታወት ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፣ ለዚህ ነው የሚያበራው። ከፍታውን እዩ፣ በሁለቱ ዓይኖች መሃል ያለውን ስፋት እዩ፣ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እዩ ይላል። ሜዳ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ብርሃን ካያችሁ እንደ ካንጋሮ በኋላ እግሩ እየነጠረ የሚሄድ፣ የጥንቸል መጠን ያለው ስፕሪንግሄር የሚሉት ነው። ዛፍ ላይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚወረወር ብርቱካናማ ዓይን ከሆነ ቡሽቤቢ ነው፣ ትልልቅ ዓይን ያላት የጦጣ የሩቅ ዘመድ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እናቴ ከረዳቱ ቀድማ "እዚያ! እዚያ!" ማለት ጀመረች።

አንድ ትንሽ ሸለምጥማጥ ግንድ ላይ ሆኖ አየን። "ይሄንንማ አውቀዋለሁ፣ የዶሮ ሌባ!" አለች እናቴ። አስጎብኚው ከኪሱ ደብተር አወጣና "በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?" አለ። ሸለምጥማጥ። ጃርት። ጥርኝ። እያንዳንዱን እየጠየቀ በራሱ ፊደል ይጽፋል፣ ከዚያ እንዲህ ነው ብሎ ይሞክራል፣ "ጥ" ላይ ሲደርስ ምላሱ ይታሰራል፣ እናቴ ታርመዋለች። አዋልደጌሳ እንኳ አላየንም። ጉድጓዱን ብቻ አሳየን፣ ምስጥ ፍለጋ ሌሊት ወጥቶ የሚቆፍረው፣ ሲተወው ደግሞ ከርከሮ የሚያድርበት። "እዚህ ስሠራ ኖሬ እሱን ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው" አለን። ዋሽቶ "እዚያ ጋ አለፈ" ማለት ይችል ነበር፣ ማን ያውቅበታል?

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ቀጥሎ ላለው ነው።

አንድ ሜዳ ዳር ስንደርስ ሞተሩን አጠፋ። ቀጥሎ ፓውዛውን አጠፋ። ጨረቃ የለችም። ለትንሽ ጊዜ ምንም አይታይም፣ የራሴን እጅ እንኳ አላይም። ከዚያ ከዋክብቱ መጡ። መኪናው የታከከው ቁጥቋጦ ሌሌሽዋ ይባላል፣ አፍንጫ የሚከፍት እንደ ካምፎር ያለ ሽታ አለው። ማሳዮች ቅጠሉን ለብብት ሽታ ይጠቀሙበታል አሉ። አንድ ቅጠል አሽቶ በጨለማው ለእናቴ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

ከዚያ ጆሮ ሥራ ጀመረ። በስተግራችን "ቅርጥ… ቅርጥ… ቅርጥ" የሚል ድምፅ፣ ልክ በሬ ሣር ሲነጭ። ጉማሬ ነው አለን በሹክሹክታ። ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፣ ሲመሽ ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ይግጣል። አላየነውም። አፉን፣ ትንፋሹን፣ ሲራመድ መሬቱን ሲረግጥ ብቻ ነው የሰማነው፣ እኔ ግን ከቀኑ ጉማሬ ሁሉ የማስታውሰው እሱን ነው። ከሩቅ አንበሳ አገሳ። ድምፁ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ሊሰማ ይችላል፣ ስለዚህ ቅርብ ይሁን ሩቅ እኛ አናውቅም፣ እሱ ግን ያውቃል።

ትንሽ ቆይቶ ቀይ መብራቱን ለአፍታ ሲያበራ ሦስት ሴት አንበሶች ተከታትለው በመኪናችን አጠገብ ሲያልፉ አየን። ወደ ሜዳ አህዮቹ ነበር የሚሄዱት። ወዲያው አጠፋው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ እንግዳ "አብራው እንጂ! ለዚህ አይደል የከፈልኩት?" አለ። አስጎብኚው ድምፁን ሳይቀይር "አሁን ካበራሁ ለአንደኛው ወገን አገዝኩ ማለት ነው። እኔ ዳኛ አይደለሁም" አለው። ሰውዬው አጉረመረመ፣ እሱ ግን አላበራም። ጸጥታ። ከዚያ የሜዳ አህያ ጩኸት፣ የሰኮና ናዳ፣ አቧራው አፋችን ውስጥ ገባ፣ እንደገና ጸጥታ። ያዙ ወይስ አልያዙም? "ጠዋት አሞራ ካለ እናውቃለን" አለ። ጠዋት ስንመጣ ሰማዩ ባዶ ነበር። ሜዳ አህያው አምልጧል። እናቴ አጨበጨበች!

ጅቡስ? እሱን ለመጨረሻ አስቀርቶት ነበር። እናቴ እንደምትፈራ ገብቶት ኖሮ "ማማ ካልፈለገች እንመለሳለን" ብሎ አስቀድሞ ጠየቃት። እጄን እንቅ አድርጋ ይዛ "እስቲ ይሁን" አለች። ከጉድጓዳቸው ራቅ ብሎ ቆመ። ያ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው "ዉዉዉ-ዉፕ" መጣ፣ እናቴ በልጅነቷ በተቀረቀረ በር ውስጥ ሆና የምትሰማው። ድምፁ የእያንዳንዳቸው ለየቅል ነው፣ አንዱ ሌላውን በድምፁ ይለየዋል አላት። ከጉድጓዱ ጥቁር ግልገል ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ አንዲት ትልቅ ጅብ መጥታ ተኛችና ማጥባት ጀመረች። በጅብ መንጋ የምትገዛው ሴቷ ናት፣ በአካልም ትበልጣለች፣ ወንዱ ከኋላ ነው የሚበላው ብሎ ሲያስረዳት እናቴ ዝም ብላ ሰማች፣ ሰማችና፣ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን አያ ጅቦ ስንል የኖርነው እመት ጅቢትን ኖሯል!" አለች። ተርጉሜለት መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

ስለ ሽማግሌውም ልናገር። በመጀመሪያው ሌሊት እናቴ አልጋዋ ውስጥ እግሯን ስትዘረጋ ሙቅ፣ ለስላሳ ነገር ነክታ ጮኸች። ለካ ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው፣ ለብርዱ ብለው አስገብተውላት፤ የካምፑ ሰዎች እሱንም ለቀልድ "ቡሽቤቢ" ይሉታል። ሽማግሌው ሮጠው መጡ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ከዛፉ ላይ ሰው የሚታነቅ የሚመስል ጩኸት ተሰማ። እኔ ራሴ ነኝ የጮህኩት በዚህኛው፣ አልደብቅም። አሁንም መጡ። ባትሪያቸውን ወደ ቅርንጫፉ ሽቅብ አበሩ፣ የዛፍ ሽኮኮ! ከድመት የማይበልጥ ነገር። እንደ ሰለቻቸው እንኳ አላሳዩንም። ከእናቴ ጋር አንድም የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው እሳት ዳር ሲቀመጡ፣ እሳቸው የእንስሳ ድምፅ ያወጣሉ፣ እሷ በአማርኛ ስሙን ትነግራቸዋለች። ሊሰናበቱ ሲሉ "ላላ ሳላማ" ይሏታል፣ እሷም "ደህና ይደሩ ወንድሜ" ትላቸዋለች።

ቅር የሚል ነገር? አለ። መንገዱ ወገብ ይፈታል። ዙሩ ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ፎቶ ብሎ ነገር እርሱት፣ የእኔ ስልክ ያመጣው ጥቁር ሥዕል ብቻ ነው። ነብር ካላየሁ ገንዘቤ ከሰረ የምትሉ ከሆነም ይህ ሰው ለእናንተ አይሆንም።

ሌላ አስጎብኚ ብትይዙም የኬንያ ሙያዊ ሳፋሪ አስጎብኚዎች ማኅበር ባጅ እንዳለው ጠይቁ፤ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እያለ በፈተና ነው የሚሰጠው። የኛው ባለ ብር ነው። ከዚያ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "መብራት የምታጠፋው መቼ ነው?" በሉት። የሚመልሰው ካጣ ሌላ ፈልጉ።

የኛውን የምትፈልጉ ጻፉልኝ። ስትደውሉለት የእመት ጅቢት ማማ ልጅ ነው የላከኝ በሉት፣ ያውቃል። ሸለምጥማጥንም እንዲላችሁ ጠይቁት፣ ባለፈው እሁድ ለእናቴ ደውሎ ሲሞክር "ሸለምማ" ላይ ደርሶ ነበር።