«ከዶሮ ጋር የተለማመደ» ተብሎ ስለሚሸጥ ጠባቂ ውሻ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ዶሮ እያረባችሁ ትልቅ ጠባቂ ውሻ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው እኛን ያታለለን ማስታወቂያ ሰሞኑን እንደገና ሲዘዋወር ስላየሁ ነው። ፎቶው ላይ አንድ ነጭ ግዙፍ ውሻ በዶሮዎች መካከል ጋደም ብሎ ይታያል፤ ከሥሩም «ዕድሜው 14 ወር፣ ከዶሮና ከሕፃናት ጋር ሙሉ በሙሉ የተለማመደ፣ በወሰዳችሁበት ቀን ሥራ የሚጀምር» ይላል። እኛ ከገዛን ከአንድ ዓመት በላይ ቢያልፍም የማስታወቂያው ውሻ አሁንም 14 ወሩ ነው። ተመሳሳይ ቃል የሚገቡ ሻጮች ብዙ በመሆናቸው የዚህኛውን ስም መጥቀስ አላስፈለገኝም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሻጩን ስናመሰግን ነበር የሰነበትነው። ዶሮዎቹ አጠገቡ ሲጭሩ ፊቱን አዙሮ ይተኛል፤ ልጆቹ ሲዳስሱት ዝም ይላል፤ ሌሊትም ድምፁ አይሰማም። ይህ ጸጥታ የሥልጠና ውጤት መስሎን ነበር፤ ኋላ እንደተረዳሁት ግን አዲስ ቦታ የገባ ውሻ በፍርሃትና በግራ መጋባት ምክንያት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት እውነተኛ ጠባዩን ሸሽጎ ሊቆይ ይችላል። በአራተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ዶሮዎቹን ከቤታቸው አውጥቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ዞር ብዬ ስመለስ፣ ዘጠኝ ቄቦች ግቢው ውስጥ ሞተው ተበታትነው አገኘሁ። አንዷም አልተበላችም። የንክሻ ቁስል አገኝ እንደሆነ ብዬ ላባቸውን እየገለጥሁ ብፈልግ፣ ያገኘሁት በምራቅ ርሶ የተጣበቀ ላባ ብቻ ነበር። አሥረኛዋን በፊት እግሮቹ መካከል ይዞ ይልሳት ነበር፤ ሲያየኝ ጅራቱን ቆላ።

የመጣው የእንስሳት ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የከፈተው የውሻውን አፍ ነው። ከአዲሱ ክራንቻ ጎን እንደ መርፌ የቀጠነ የወተት ክራንቻ ገና አልወለቀም፤ የኋለኞቹ መንጋጋዎችም ድዱን ሰንጥቀው እየወጡ ነበር። ቡችላ የወተት ጥርሱን ከ4ኛው ወር ገደማ ጀምሮ እየጣለ በ7ኛው ወር አካባቢ ቋሚ ጥርሶቹን በሙሉ ስለሚያወጣ፣ 14 ወር ሞልቶታል የተባለው ውሻችን ግማሽ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ቡችላ መሆኑ ታወቀ። የመንጋ ጠባቂ ውሻ ዝርያዎች ግዝፈት ለማታለል ያመቻል፤ በ6 ወሩ ከብዙ ሌሎች ዝርያዎች ሙሉ ውሻ ይበልጣልና፣ ገዢው በቁመቱ ዕድሜውን ይገምታል።

የዕድሜው ጉዳይ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ ላስረዳ። ግሬት ፒሬኒስ፣ ማሬማ፣ ካንጋል፣ አክባሽና የመሳሰሉት የመንጋ ጠባቂ ዝርያዎች አካላቸው ቀድሞ ይደግና ጠባያቸው ዘግይቶ ይረጋል፤ ብዙዎቹ ሰከን የሚሉት ከ18 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያም የሚያልፉ አሉ። ከዚያ በፊት የሚሮጥና ክንፉን የሚያራግብ ነገር ሁሉ መጫወቻቸው ነው። በተጨማሪም እነዚህ ውሾች ለዘመናት ሲመረጡ የኖሩት በአብዛኛው ለበግና ለፍየል ጥበቃ ነው። ቡችላው በመጀመሪያዎቹ 16 ሳምንታት ውስጥ ከበጎች ጋር ሲያድግ በጎቹ ያሸቱታል፣ አብረውት ይተኛሉ፣ ሲያስቸግራቸውም በግንባራቸው ገፍተው ያርሙታል። ዶሮ ግን አታርመውም፤ ስትደነግጥ ትጮኻለች፣ ትሮጣለች፣ ይህም ጨዋታውን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከዶሮ ጋር የሚውል ቡችላ ዓይኑን የማይነቅልለት ሰው ለወራት ያስፈልገዋል፤ ይህን የወራት ድካም ነው ሻጩ «አልቋል» ብሎ የሸጠልን።

ሻጩ ሲያግባባን አንድ እውነተኛ ታሪክ ተርኮልን ነበር። በአውስትራሊያ ዋርናምቡል ከተማ ጠረፍ ባለችው ሚድል ደሴት ቀበሮዎች ፔንግዊን የሚባሉትን መብረር የማይችሉ ትናንሽ የባሕር ወፎች ፈጅተው ከ10 ያነሱ ሲቀሩ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሬማ ውሾች እንዲጠብቋቸው ተደረገና ቁጥራቸው አንሰራራ። ሐሳቡን ያቀረበውም በማሬማ ውሾች ዶሮዎቹን ሲያስጠብቅ የኖረ ገበሬ ነው። ይህ ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን በዚያ የተሰማሩት ውሾች ተመርጠውና ሠልጥነው፣ ከወፎቹ ጋር ቀስ በቀስ ተዋውቀው፣ በሰዎች ክትትል የሠሩ ናቸው። ሻጩ ይህን ክፍል ዘለለው።

ስለ ቤተሰብም የተሰጠን ቃል ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ውሻው ልጆቻችንን ይወዳቸዋል፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። የጎረቤት ልጆች መጥተው እየተሯሯጡና እየጮኹ ሲጫወቱ፣ ውሻው በእንግዳው ልጅና በእኛ ልጅ መካከል ገብቶ ቆመ፤ ማንንም አልነከሰም፣ ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እንግዳ ልጅ ሲመጣ በሌላ ክልል እንዲቆይ አድርገናል። ትንሿን ልጃችንን በፍቅር ሲጠጋት ሁለት ጊዜ በደረቱ ገፍትሮ ጥሏታል። «በከንቱ አይጮኽም» የተባለው ውሻ ከሁለተኛው ወር በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኽ ጀመር፤ ይህ ጥፋት አይደለም፣ እነዚህ ውሾች ቀበሮንና ሸለምጥማጥን የሚያርቁት በአብዛኛው በጩኸትና አካባቢውን በሽንታቸው በማመልከት ነው። ጎረቤት ያለው ሰው ግን ይህን ከመግዛቱ በፊት ማወቅ ነበረበት። የምግቡን ነገርም ማንም አልነገረን፤ ሳህኑን ዶሮ በማትደርስበት ቦታ ካላስቀመጣችሁ፣ ፍርፋሪ ልትለቅም የተጠጋችን ዶሮ ጨዋ የሚባለውም ውሻ በአንድ ንክሻ ሊገድላት ይችላል።

ለሻጩ ደውለን ስንነግረው በመጀመሪያ ልጆቹ አበላሽተውት እንደሆነ ነገረን። የጥርሱን ነገር ስናነሣ ደግሞ ብቸኝነት ስለተሰማው ነው አለና የእናቱን ልጅ በቅናሽ ሊሰጠን ጠየቀ። እንዲህ ያለውን ግብዣ እንዳትቀበሉ አደራ እላለሁ፤ አብረው የሚያድጉ ሁለት ወንድማማች ቡችሎች አንዱ ማሳደድ ሲጀምር ሌላው ይከተለዋልና ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል። ገንዘባችንን ስንጠይቅ ስልኩን ማንሣት ተወ። የፈረምነውን ወረቀት አውጥተን ስናነበው «ዘሩ ንጹሕ ነው» ከሚለው በቀር ስለ ዕድሜው፣ ስለ ጠባዩም ሆነ ስለ መመለሻ ጊዜ አንድ ቃል የለበትም። ዶሮዎቹን ያለ ጠባቂ ዓይን የተውኳቸው እኔ መሆኔን አልክድም፤ ለዚያ ግን ያበቃኝ «14 ወር» የሚለው ቃል ነው።

ስለዚህ በፎቶና በቪዲዮ ብቻ አትግዙ። ባለበት ቦታ ሄዳችሁ፣ ቢቻል ሁለት ጊዜ፣ ዶሮዎቹ ምግብ ሲበተንላቸው በሚተራመሱበት ሰዓት እዩት። ዶሮ በፊቱ ስትራገብ ዓይኑን ከእሷ ላይ የሚያነሣና ራሱን ወደ ሌላ የሚያዞር ውሻ ተስፋ ይሰጣል፤ ደርቆ ትኩር ብሎ የሚያያት ወይም አጎንብሶ የሚከተላት ግን ለዶሮ ግቢ ገና አልደረሰም። ወላጆቹን አሳዩኝ በሉ፤ ከአንዱ ወገን አዳኝ ወይም ከብት ነጂ ዝርያ ከተቀላቀለበት የማሳደድ ጠባይ ሊወርስ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ማስረጃ ጠይቁ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም አፉን ከፍቶ ይይ። በውሉም ላይ የተወለደበት ቀን፣ ከዶሮ ጋር የዋለበት ጊዜና ቢያንስ የ60 ቀን የመመለሻ መብት በጽሑፍ ይስፈር፤ ሦስት ሳምንት እንደማይበቃ እኛ አይተናል።

ውሻው አሁንም እኛ ዘንድ ነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላውም ጥቂት ቀርቶታል። ከዶሮዎቹ የሚለየው የሽቦ አጥር ሲሆን፣ በየቀኑ ጧትና ማታ በማሰሪያ ይዤው በመካከላቸው እናልፋለን። ባለፈው ወር አንዲት ዶሮ በአፍንጫው ሥር ተራግባ ስታልፍ ራሱን ወደ ሌላ አዞረ፤ ማሰሪያውን ግን ገና አልፈታሁለትም።