ሊኑክስ ሚንት ሰባት ወር ሞላው፤ ፊደሌን የበላው ግን እሱ አልነበረም

ሊኑክስ ሚንት በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሬን የሚያሠራ ነፃ ሥርዓት ነው። ነገሩ የሆነው በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። አንድ የድሮ ደንበኛዬ ደውሎ በ1997 ዓ.ም. የጻፍኩለትን የኪራይ ውል ፈለገ። «አንድ ደቂቃ» አልኩትና ፋይሉን ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ ግን ውል የለም። የፓውንድ ምልክት፣ ሁለት ነጥብ የተሸከመ የፈረንጅ «ኤ»፣ ቅንፍ፣ ደግሞ ፓውንድ። ሌላ ፋይል ከፈትኩ። ያው ነው። ሌላ። ያው!

የእህቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። «ያስገባህልኝ ነገር ፊደሌን በላው!»

«አጎቴ፣ ተረጋጋ እንጂ።»

አልተረጋጋሁም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሊኑክስን ስሰድብ ከረምኩ።

ወደዚህ ያመጣኝ ዊንዶውስ 10 ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ ቆመ። የኔ ዴስክቶፕ ባለ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ በታች ያለውን አይቀበልም። ኮምፒውተር ሻጩ «ያንተማ አብቅቶለታል፣ አዲስ ውሰድ» ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ምንም ሳልመልስ ወጣሁ። የእህቴ ልጅ ቅዳሜ በፍላሽ ይዞ መጣ። አቦሉን ጠጥቶ ጀመረ፣ በረካው ሳይደርስ ጨረሰ። ክፍያ የለም።

የፊደሉ ጉዳይ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ የሚጋሩት የኮድ ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚስሉት። እኔም የለመድኩትን ሳልተው ከዚያ በኋላም ስንት ዓመት በነሱ ጻፍኩ። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ፋይሎቹ ቢተርፉም ፎንቱ አብሮ ሄደ፣ ፋይሉም ካባውን ተገፎ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት አማርኛ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር!

አራት ኪሎ ጽሕፈት ቤት ያለው ጓደኛዬ የድሮዎቹን ፎንቶች በፍላሽ ሰጠኝ። የፎንት ፎልደሩ ውስጥ ከተትኳቸው። ውሉ ከነማኅተም ቦታው ተመለሰ። ደንበኛዬ ግን ያኔ ሌላ ጋ አስጽፎ ጨርሷል።

ነገሩ እዚህ አላበቃም። እዚያው ውል ውስጥ «ተከራይ» ብዬ በአዲሱ የዩኒኮድ ኪቦርድ ብፈልግ «አልተገኘም» ይላል። ዓይኔ ሥር ተጽፎ እያየሁት! ለኔ አንድ ቃል ነው፣ ለማሽኑ ሁለት የተለያየ ነገር። ስለዚህ የሚያስፈልጉኝን እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው።

አዲሱ ኪቦርድም ጣት ይፈትናል። ሠ እና ፀ የሚመጡት ከኢስኬፕ ሥር ካለችው ትንሽ ጭረት ጋር ነው። ጤ ደግሞ ሺፍት ይፈልጋል። ሺፍቱን ረስቼ ለአንድ መሥሪያ ቤት «ቴና ይስጥልኝ» ብዬ ልኬያለሁ። አሁን ለምጄዋለሁ፤ እንደውም ከድሮው ይፈጥነኛል።

ሌላው ደህና ነው። ፕሪንተሩ ያለ ሲዲ ሠራ። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስ አንዳንዴ ሰንጠረዥ ያዛንፍብኛል፣ ያን ያህል አያስከፋም።

ሻጩ ይህን ቢሰማ «አላልኩህም? አዲስ ብትወስድ ኖሮ!» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አዲሱስ የ1997ን ፎንት ይዞ ይመጣ ነበር? ያው ፓውንድና ቅንፍ ነው የሚጠብቀኝ፣ ያውም ያን ሁሉ ብር ከፍዬ። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። እስከዚያ እዚሁ ነኝ።

የእህቴን ልጅ ባለፈው እሑድ ቡና ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀብኝና የእናቱን ላፕቶፕ ከቦርሳው አወጣ። እሷም የድሮ ፋይል አላት። ፎንቶቹን ፈልጎ ነው የመጣው።