ክሬዲት ለሚጀምር ሰው የትኛው ካርድ ይሻላል?

አሜሪካ አዲስ የገባ ሰው አፓርታማ ለመከራየትም ሆነ መኪና በብድር ለመግዛት የክሬዲት ታሪክ፣ ማለትም ብድርን በጊዜው የመክፈል መዝገብ፣ ይጠየቃል፤ ታሪኩን ለመጀመር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ካርድ ይቀርብለታል። አንደኛው ገንዘብ አስይዘው የሚወስዱት ነው፤ ሁለተኛው ያለ ማስያዣ፣ ነገር ግን በብዙ ክፍያ የሚሰጥ ነው፤ ሦስተኛው መደብር ውስጥ ዕቃ ሲገዙ ቅጽ አስሞልተው የሚሰጡት የመደብሩ ካርድ ነው። ሦስቱም በአግባቡ ከተከፈሉ ክሬዲት ሊያስጀምሩ ይችላሉ፤ የሚያስወጡት ዋጋ ግን እጅግ ይለያያል።

«ማስያዣ አያስፈልግም» የሚለው ካርድ እጁ ላይ ገንዘብ ለሌለው ሰው የሚስብ ቢሆንም፣ ከሦስቱ አብዝቼ የማስጠነቅቀው ከእርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠየቁ ክፍያዎች ከብድር ጣሪያው 25 በመቶ እንዳይበልጡ ይከለክላል፤ አንዳንድ አበዳሪዎች ግን ክፍያቸውን ልክ እዚያው ድንበር ላይ ያሳርፉታል። የ300 ዶላር ካርድ 75 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ተቆርጦበት ሲደርስዎት፣ ገና ምንም ሳይገዙ ባለዕዳ ሆነዋል፤ መጠቀም የሚችሉትም 225 ዶላር ብቻ ነው። ገደቡ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አይሠራም፤ ሂሳቡ ከመከፈቱ በፊት የሚጠየቀውን የማመልከቻ ክፍያም አይጨምርም። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ወርሃዊ ክፍያ ይጀምር እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ይመልከቱ፤ በወር 10 ዶላር ማለት በዓመት 120 ዶላር ነው፣ እርሱም የማይመለስ ገንዘብ ነው።

በማስያዣ የሚወሰደው ካርድ በአንጻሩ 200 ወይም 300 ዶላር አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ግን የእርስዎ ነው፣ ዕዳዎን ከፍለው ካርዱን ሲዘጉ ይመለስልዎታል። ዓመታዊ ክፍያ የሌለውን ይምረጡ፤ የክፍያ ታሪክዎን ለሦስቱም የክሬዲት መዝጋቢዎች፣ ማለትም ለኤክስፔሪያን፣ ለኢኩዊፋክስና ለትራንስዩኒየን እንደሚያስተላልፍም ያረጋግጡ፤ ካላስተላለፈ የተነሡበትን ዓላማ በሚገባ አያሟላም። ይህንኑ ካርድ ከክሬዲት ዩኒየን፣ ማለትም አባላቱ ባለቤት ከሆኑበት የቁጠባና ብድር ተቋም፣ ማግኘት ከቻሉ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፤ የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች የካርድ ወለድ ከ18 በመቶ እንዳያልፍ ጣሪያ ተደርጎበታልና። ባንኮች እንዲህ ያለ አጠቃላይ ጣሪያ የለባቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ብሔራዊ» የሚባሉት፣ በፌዴራል ፈቃድ የሚሠሩ ባንኮች የተመዘገቡበትን ግዛት ወለድ በሌላ ግዛት ላለ ደንበኛም ማስከፈል እንደሚችሉ ወስኗል። ብዙ የካርድ ደብዳቤዎች ከፍ ያለ ወለድ ከሚፈቅዱት ከደላዌርና ከሳውዝ ዳኮታ ግዛቶች የሚላኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመደብር ካርድ አደጋው በአንዲት ቃል ላይ ነው። «በ12 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከከፈሉ ወለድ የለም» የሚለው ማስታወቂያ፣ «ለ12 ወር ወለድ ዜሮ» ከሚለው ፈጽሞ የተለየ ነው። በመጀመሪያው ውል ወለዱ ከገዙበት ቀን ጀምሮ በጎን ሲቆጠር ይቆያል፤ ጊዜው ሲያልቅ ጥቂት ዕዳ ከቀረ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጫናል። የ1200 ዶላር ሶፋ በ30 በመቶ ወለድ ገዝተው፣ በየወሩ 100 ዶላር እየከፈሉ የመጨረሻዋን አንድ ክፍያ ብቻ ቢያሳልፉ፣ ወደ 200 ዶላር የሚጠጋ ወለድ ሊመጣብዎት ይችላል። ዕዳውን ከቀኑ አስቀድሞ እንደሚጨርስ እርግጠኛ ላልሆነ ሰው ይህን ካርድ አልመክርም።

የትኛውንም ካርድ ቢይዙ፣ ለቤተሰብ ገንዘብ ለመላክ አይጠቀሙበት። ብዙ አበዳሪዎች ሐዋላን ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንዳወጡ አድርገው ስለሚቆጥሩት፣ የተለየ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ወለዱም ያለ እፎይታ ጊዜ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ከዴቢት ካርድ ወይም ከባንክ ሂሳብ መላክ ከዚህ ያድናል።

በሂሳብ መግለጫዎ ላይ የማያውቁት ክፍያ ካገኙ ስልክ መደወል ብቻውን ሕጋዊ መብትዎን አያስጠብቅም። ስሕተቱ የታየበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከ በ60 ቀናት ውስጥ ተቃውሞዎ በጽሑፍ መድረስ አለበት፤ ደብዳቤውም የሚላከው ክፍያ ወደሚላክበት ሳይሆን በመግለጫው ላይ ለሂሳብ ጥያቄዎች ወደተጻፈው አድራሻ ነው።